ቲቢ በ6 ቀን

ሰሞኑን አንድ የማስተርስ ተማሪ ማታ 4 ሰዓት ላይ ፋይል ላከልኝና «መምህር፣ ኤስፒኤስኤሱ ሳያብድ አይቀርም» አለኝ። ዴታው ከአንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ መዝገብ የተገለበጠ ነው፤ መድኃኒት የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን አለው። ልጁ አንዱን ከሌላው ቀንሶ የሕክምናውን ርዝመት አስልቷል። የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ነው። የሱ ታካሚዎች ግን በ6 ቀን ጨርሰው ቁጭ ብለዋል።

የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ አብረን አየነው። መዝገቡ መስከረም 5 ቀን 2011 ጀመረ፣ መጋቢት 5 ቀን 2011 ጨረሰ ይላል። ልጁ ኤክሴል ላይ 5/1/2011 እና 5/7/2011 ብሎ ጻፈው፤ ሁላችንም እንደምንጽፈው ቀኑን አስቀድሞ። ላፕቶፑ ግን በአሜሪካ አጻጻፍ ነው የተስተካከለው፤ እዚያ ወር ይቀድማል። ኤክሴል ሜይ 1 እና ሜይ 7 ብሎ አነበበው። በኛ አቆጣጠር ድፍን 180 ቀን የሆነው ነገር 6 ቀን ሆኖ ቀረ።

ይኼ እንኳ ዓይን ውስጥ ይገባል። የማይታየው ሌላው ነው። ቀኑ ከ12 ካለፈ፣ ለምሳሌ 20/3/2011 ከሆነ፣ ኤክሴል 20ኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ጽሑፍ ወደ ግራ አስጠግቶ ይተወዋል። ዓምዱን ኤስፒኤስኤስ ላይ ወደ ቀን ስንቀይረው እነዚህ ሁሉ ነጥብ ሆኑ፤ ነጥብ ማለት «መረጃ የለም» ማለት ነው። ከወሩ 30 ቀናት 18ቱ እንዲህ ይበላሉ። ጳጉሜንማ አታንሱት። 5/13/2011ን «13ኛ ወር የለም» ብሎ ይመልሰዋል ስትሉ፣ ሜይ 13 ብሎ እጁን ዘርግቶ ይቀበለዋል።

በነገራችን ላይ ኤክሴል ያስለቀሰው እኛን ብቻ አይደለም። ማርች 1 እና ሴፕት 2 የሚባሉ የሰው ጂኖች ነበሩ፤ ኤክሴል ላይ ሲጻፉ ወዲያው ወደ ቀን ይቀየራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የጂን ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ የጂኖሚክስ ጽሑፎች አንድ አምስተኛው ያህሉ እንዲህ የተበላሸ ስም እንዳለባቸው አሳየ። በ2020 የጂን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጂኖቹን ስም ቀየረ። ሶፍትዌሩ እስኪስተካከል ከመጠበቅ ጂኑን ዳግም ክርስትና ማንሳት ቀለለ!

እኔም ከእንዲህ ዓይነት ጣጣ አላመለጥኩም፤ የኔው ግን በኤስፒኤስኤስ ነው የመጣው። የራሴን ቴሲስ ስሠራ መጠይቁ ላይ «በጤና ተቋም ወልደዋል?» ለሚለው 1 አዎ፣ 2 አይ ብዬ ኮድ ሰጠሁ። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሠራሁ፤ የተማሩ እናቶች ኦድስ ሬሾ 0.4 ወጣ። ማለትም ትምህርት እናቶችን ከጤና ተቋም ያርቃል! እኔ ሆዬ መጠርጠር ሲገባኝ «ምናልባት የተማሩት በአገልግሎቱ ስለማይረኩ…» እያልኩ ሁለት አንቀጽ ማብራሪያ ጻፍኩ። አድቫይዘሬ አንብበው ዝም አሉና «ጥሬ ቁጥሩን አይተሽዋል?» አሉኝ። አላየሁትም ነበር። ኤስፒኤስኤስ ከሁለቱ ኮዶች ትልቁን ነው «ሆነ» ብሎ የሚወስደው፤ እኔ ዘንድ ትልቁ 2 ነው፣ 2 ደግሞ ቤት የወለደች። ስገለብጠው 2.5 ሆነ። ያንኑ ዴታ ስታታ ለሚባለው ሌላ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ብትሰጡት፣ 0 የሚባል ነገር ካላየሁ አልሠራም ብሎ በቀይ ጽሑፍ ይመልሳችኋል። ያኔ ስታታን ብጠቀም ኖሮ ከሁለቱ አንቀጽ እተርፍ ነበር።

«ታዲያ የቱን ልማር?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። አር የሚባለው ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ የሠራችሁት ሁሉ በስክሪፕት ይቀመጣል፤ ጊዜ ካላችሁ እሱን። ኤስፒኤስኤስ ላይ ከሆናችሁ ግን «ኦኬ» ከማለት «ፔስት» የሚለውን ተጫኑና ትእዛዙን ሴቭ አድርጉት። በወሩ አድቫይዘር «ይኼን እንዴት አገኘኸው?» ሲል ማውስ የት እንደተጫነ የሚያስታውስ የለም። ደግሞ .000 ብሎ የሰጣችሁን ፒ ቫልዩ 0.000 ብላችሁ አትገልብጡ፣ ከ0.001 በታች በሉት።

ወደ ልጁ ልመለስ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት የተለያየ ዓምድ እንደ ተራ ቁጥር እንዲያስገባ ነገርኩት። የኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ያመቻል፤ ጳጉሜን ሲቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። ዓመቱን በ365 አባዙ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ የሚወጣውን ሙሉ ቁጥር (ቀሪውን ትታችሁ) ደምሩ፣ ወሩን በ30 አባዝታችሁ ቀኑን ጨምሩበት። ለሁለቱም ቀን እንዲህ ሠርታችሁ ስትቀንሱ ትክክለኛው የቀን ብዛት ይወጣል፤ ጳጉሜን 6 የሆነበትን ዓመት ጭምር ይይዛል።

ሁለት ቀን ፈጅቶበት እንደገና ላከው። 6 ቀን የነበሩት ሁሉ 180 ሆነዋል። አንድ ሰው ግን 4 ቀን ብቻ ወጥቶለታል። «ልሰርዘው?» አለኝ። ጤና ጣቢያው ሄደህ መዝገቡን እይ አልኩት። ሄዶ ፎቶ ላከ፦ ታካሚው በ4ኛው ቀን ወደ ሌላ ጤና ተቋም ተዛውሯል። ስለዚህ አልተሰረዘም። እስከ 4ኛው ቀን ከኛ ጋር ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላየንም ተብሎ «ሴንሰርድ» በሚል ኮድ ገባ።