ማዕበሉን ጀልባው ይሠራዋል፤ ሐይቁስ ይችለዋል?

ቅዳሜ ከሰዓት መካኒሳ አንድ ካፌ ውስጥ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ እየጠበቅን ሳለ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኩን አሳየኝ። አንዲት ልጅ ከሞተር ጀልባ ኋላ፣ ገመድ እንኳ ሳትይዝ፣ ሰሌዳ ላይ ቆማ ማዕበል ትጋልባለች። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ነገር ቢሾፍቱ አይሠራም?›› አለኝ። መካኒሳ የምናውቀው ውሃ የወንዙ ነው፤ እሱም ለዋና ቀርቶ ለአፍንጫ ይከብዳል። ቢሾፍቱ ግን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው።

ስፖርቱ ዌክሰርፊንግ ይባላል። ባሕር አይፈልግም። ጀልባው ሆዱ ውስጥ ውሃ ተሞልቶ ሆን ተብሎ እንዲከብድ ይደረጋል፤ በሰዓት ከ16 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ከኋላው ትልቅ ማዕበል ይተዋል። ተጫዋቹ በገመድ ተጎትቶ ይነሣና ማዕበሉ ሲሸከመው ገመዱን ይለቃል። ከጀልባው የሚርቀው ጥቂት ሜትር ስለሆነ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሥር ገባ ያለ መሆን አለበት። ሞተሩ ኋላው ላይ የተንጠለጠለ ተራ ጀልባማ፣ ምን አለፋችሁ፣ እግር ይቆርጣል።

እስቲ ባቦጋያን እንውሰድ። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛች ሐይቅ ናት። ስፋቷ 0.6 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጥልቀቷ ግን ወደ 65 ሜትር ይደርሳል። የአሜሪካው ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ እንዲህ ያለ ጀልባ ከዳርቻ 150 ሜትር ያህል ይራቅ ብለዋል። ከባቦጋያ ዙሪያ ይህን ብንቀንስ፣ መሐል ላይ የሚተርፈውን ውሃ ጀልባው በሁለት ደቂቃ ገደማ ያቋርጠዋል። ከዚያ ወዲያ መዞር ነው። የሚዋኘውና በካያክ የሚቀዝፈውስ የት ይሂድ? እኔ አይሆንም ባይ ነኝ።

ላንጋኖ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢያስኬድም፣ ወደ 230 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ቡናማ ውሃውን አይታችሁ አትናቁት፤ ከቢልሃርዚያ ነጻ ነው እየተባለ ዋናተኛ ሲመርጠው የኖረ ነው።

‹‹ለመሆኑ መዋኘት ትችላለህ?›› አልኩት። ሳቀ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ሲጨርስም ብዙ ተስቋል፤ የዓለም ሚዲያ ያወራው ስለ ሆዱ ነበር። እዚህ አገር ሰው የት ሄዶ ዋና ይማር የሚለው ግን ወሬ አልሆነም።

‹‹ላይፍ ጃኬት አለ አይደል?›› አለኝ ልጁ።

አለ፤ ያለ እሱ ጀልባው ላይ መውጣትም የለም። ግን ማዕበሉ ከጣለህ በኋላ ጀልባው ዞሮ እስኪመጣ ውሃው ላይ ብቻህን ነህ። ይህን ስነግረው ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።