ስለ አይሮፕላን ጎማና ስለ ጎማ ዛፍ ተክል

ከየካ፤ ከመሪ ሰፈር ብዙ የማይርቀው የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፤ አይሮፕላን ለመነሣትም ሆነ ለማረፍ በባሕር ጠረፍ ካለው ማረፊያ ይልቅ በመቶ 12 ያህል የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጎማው የሚችለው ጉልበት በመቶ 25 ያህል ይበዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ ወደ ካይሮ መብረር ከጀመረ ወዲህ የጎማ ነገር ለአገራችን የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

በ1934 ዓ.ም. ጃፓን ማላያንና የደች ኢንድ ደሴቶችን በያዘች ጊዜ አብዛኛው የጎማ ምንጭ ለተባባሪዎቹ መንግሥታት ተዘጋ። አሜሪካም ከነዳጅ ዘይትና ከአልኮል ሰው ሠራሽ ጎማ በብዛት አወጣች። ይኸው ለመኪና እጅግ ጠቀመ፤ ለከባድ አይሮፕላን ግን እስከ ዛሬ ዋናው ነገር ከዛፍ የሚገኘው ጎማ ነው። ምክንያቱም ይህ ጎማ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የሚያመነጨው ሙቀት ጥቂት ነው፤ ሲለጠጥም ውስጡ ተሰድሮ መቀደድን ይከለክላል። ጠቢባን ድኝና ጥላሸት እየቀላቀሉ፤ በውስጡም የናይሎን ክር እየደረቡ ያጠነክሩታል። ዛፉን በትውልድ አገሩ በደቡብ አሜሪካ የሚያጠፋ የቅጠል በሽታ ስላለ፤ ጓዩሌ ከሚባለው የሜክሲኮ በረሃ ቍጥቋጦም ጎማ ለማውጣት ይደከማል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት ሊያስተውሉት የሚገባው ነገር ይህ ነው። ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ በእንጦጦ ደጋ ስለ ለመደ፤ ማናቸውም የባዕድ ዛፍ በየትም ይበቅላል ማለት አይደለም። የጎማ ዛፍ ብርድን አይችልም፤ የሚሻው ቆላ፤ ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ብዙ ዝናብ ነው። ስለዚህ የየካና የእንጦጦ መሬት አይስማማውም፤ በአገራችን ተክሉ የተሞከረው በደቡብ ምዕራብ በጉራ ፈርዳ ነው።

ዛፉ ከተተከለ በኋላ ወተቱ እስኪቀዳ 6 ወይም 7 ዓመት ያስጠብቃል። በዚህ ዘመን ገበሬው የሚበላውን እንዳያጣ በዛፉ መካከል እህል ወይም አትክልት ይዝራ። ሹሙም አስቀድሞ የቦታውን ከፍታና ዝናብ አስለክቶ፤ ወተቱን የሚገዛ መኖሩን ሳያረጋግጥ ችግኝ አያድል። ይህ ሳይደረግ ቢቀር የሚጎዳው እርሻውን የለቀቀው ገበሬ ነው።