ሴት የመሰለው አውራ ዶሮ

ለዶሮ ውድድር አዲስ የሆነ ተመልካች ሲብራይት ከተባለው የዶሮ ዝርያ ኬጅ ፊት ሲቆም አውራውን ከሴቷ ለመለየት መቸገሩ አይቀርም። የሁለቱም ላባ ጫፉ ክብ ነው፤ እያንዳንዱ ላባ ዳር ዳሩን ጥቁር ጥለት ዞሮታል። አውራ ዶሮን የሚያስጌጡት እንደ ማጭድ የታጠፉ የጅራት ላባዎች የሉም። «ይሄማ የታመመ ነው» ማለት ይቀላል።

አልታመመም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሰር ጆን ሲብራይት ያወጡት ይህ ዝርያ የውድድር ዳኞች በሚመሩበት መስፈርት ላይ አውራው የሴት ላባ እንዲለብስ በግልጽ ተጽፎለታል። ምክንያቱ ቆዳው ውስጥ ነው፤ አሮማቴዝ የተባለው ኤንዛይም የወንዴውን ሆርሞን ወደ ሴቴ ሆርሞን ይቀይረዋል። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ ቶማስ ሃንት ሞርጋን የሲብራይት አውራዎችን ቢያኮላሽ፣ ጉድ በሚያሰኝ ሁኔታ፣ ረጃጅሙን የአውራ ላባ አበቀሉ። እንግዲህ መስፈርት ጸሐፊው «የአውራው ጅራት ረጅምና ቀስት መሳይ ይሁን» የሚለውን የተለመደ ሐረግ ከሌላ ዝርያ ቢገለብጥ ሲብራይትን ሲብራይት ያሰኘውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያጠፋዋል።

ሲብራይት የሚመደብበት «ባንታም» የአንድ ዝርያ ስም ነው የሚባለውም ስሕተት ነው። ቃሉ የመጣው በጃቫ ደሴት ካለችው ባንተን ከምትባል የወደብ ከተማ ሲሆን ዛሬ የሚያመለክተው የዶሮን ትንሽ መጠን ነው። ከባንታሞች ብዙዎቹ የትልልቅ ዝርያዎች ታናናሽ ናቸው፤ ሲብራይትን የመሰሉት ግን ትልቅ አቻ የላቸውም። ለጸሐፊው ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ለመጀመሪያዎቹ የትልቁን መስፈርት ይዞ መጠኑን ማሳነስ ይቻላል፣ ለሁለተኛዎቹ ዶሮዋን ራሷን አስቀምጦ ማየት እንጂ የሚገለበጥ ነገር የለም።

ከሁሉ የሚከፋው «መስፈርቱን ያሟላ ዶሮ መስፈርቱን ያሟላ ጫጩት ይሰጣል» የሚለው እምነት ነው። ቻቦ የሚባለው የጃፓን ባንታም እግሩ እጅግ አጭር እንዲሆን ይፈለጋል። እግር የሚያሳጥረው ጂን ግን ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ጽንሱን እንቁላሉ ውስጥ ይገድለዋል። ሁለት አጭር እግር ያላቸው ቻቦዎች ተዳቅለው ከሚገኙ 4 ለም እንቁላሎች በአማካይ 1ዱ ሳይፈለፈል ይቀራል፤ 2ቱ አጭር እግር፣ 1ዱ ረጅም እግር ያለው ጫጩት ያወጣሉ። ስለዚህ ረጅም እግር ያለውን «ዘሩ ያልጠራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የአንድ እናት ልጆችን መካዱ ነው። ለውድድር አይበቃም ቢል ግን እውነቱን ነው። ሰማያዊ ዶሮም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊ ከሰማያዊ ቢዳቀል ከጫጩቶቹ በአማካይ ግማሾቹ ብቻ ሰማያዊ ይሆናሉ፣ የቀሩት ጥቁርና ነጭ መሳይ ዝንጉርጉር ናቸው።

መስፈርት ከጥንት የወረደ፣ የማይነካ ሕግ የሚመስላቸውም አሉ። የእንግሊዞቹ የመጀመሪያ የታተመ መስፈርት የወጣው በ1865፣ የአሜሪካኖቹ በ1874 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ታርመዋል።

ቀለምን በቃል መያዝ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። በእኛ ገበያ «ገብስማ» ማለት ለሻጭም ለገዢም ይበቃል፤ ሁለቱ በልባቸው የሳሉት ላባ አንድ ዓይነት መሆኑን የሚጠይቅ የለም። ለውድድር ዳኛ ግን ጥለቱ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነና ላባውን ዙሪያውን ይዞር እንደሆነ ካልተነገረው ሁለት ዳኞች ሁለት አሸናፊ ይመርጣሉ።

«ባንታም ባነሰ ቁጥር ይሻላል» ለሚሉትም መልሱ ሚዛን ላይ ነው። የሲብራይት አውራ በእንግሊዝም በአሜሪካም መስፈርት 22 አውንስ፣ ወደ 620 ግራም ይመዝናል። ሴቷ ላይ ሁለቱ አይስማሙም፦ እንግሊዞቹ 18 አውንስ ሲሉ አሜሪካኖቹ ለአዋቂ ሴት 20 ጽፈዋል። ለንደን ላይ ልክ የሆነችው ዶሮ አትላንቲክን ስትሻገር ሁለት አውንስ ትጎድላለች።