ትራማዶል የወሰደ ሁሉ ፕላዚል ያስፈልገዋል?

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካና የከባድ መኪና ሰፈር ነው። በደብረ ዘይት መንገድ የተጋጨም፣ ማሽን ጣቱን የያዘውም ከሚወሰድባቸው ቦታዎች አንዱ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው፤ ጥሩነሽ ዲባባ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ካመጣችበት ድል ስሙን ያገኘው። አጥንቱ ለተሰበረ ሰው በአገራችን ድንገተኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው የሕመም ማስታገሻ ትራማዶል ነው። ከጎኑም፣ ገና ሳያቅለሸልሸው፣ የማስመለስ ማስታገሻው ፕላዚል ይከተላል። ጥምረቱ ምክንያት አለው። ለሁሉም ሰው በልማድ መስጠቱ ግን አያሳምነኝም።

ኦፒዮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ እነ ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ትራማዶል፣ ሕመምን የሚያደነዝዙት ነርቮች ላይ ያሉ ልዩ ተቀባዮችን ይዘው ነው። እነዚሁ ተቀባዮች የሕመም መልእክት ከማያልፍባቸው ቦታዎችም አሉ። በአንጎል ግርጌ፣ ከደም የሚለያት አጥር የላላ ትንሽ ቦታ አለች፤ በደም ውስጥ የሚያልፈውን እንደ ግብር ቤት ቀማሽ እየቀመሰች መርዝ ትለያለች። ኦፒዮይድ ሲደርሳት የማስመለስ ትእዛዝ ታስተላልፋለች። ጨጓራም ይዘገያል፤ የተበላው ሳይወርድ ይቆያል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው የሚዛን አካልም ይረበሻል፤ ተኝቶ ደህና የነበረው ሕመምተኛ ብድግ ሲል ወይም ኮብልስቶን ላይ በመኪና ሲንገጫገጭ የሚያስመልሰው ለዚህ ነው።

ፕላዚል፣ በሕክምና ስሙ ሜቶክሎፕራሚድ፣ የፊተኞቹን ሁለቱን ይነካል፤ አንጎል ውስጥ የዶፓሚንን መልእክት ይዘጋል፣ ጨጓራንም ወደ ታች ይገፋል። ለጆሮው ችግር ፕሮሜታዚን ይሻላል፤ እሱ ደግሞ ከኦፒዮይድ ጋር ሲደመር እንቅልፍን ያከብዳል፣ ትንፋሽንም ሊያዳክም ይችላል። የፕላዚልም ጣጣ ቀላል አይደለም። በደም ሥር በጥድፊያ ሲሰጥ ሰውየው መቀመጥም መተኛትም ያቅተዋል። አንዳንድ ልጆችና ወጣቶች አንገታቸው ይጣመማል፣ ዓይናቸው ወደ ላይ ይሰቀላል። ይህን ያየ ቤተሰብ የሚጥል በሽታ ወይም ልክፍት ቢለው አልፈርድበትም። ከመድኃኒቱ መምጣቱን ያወቀ ባለሙያ በመርፌ ይመልሰዋል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ በቀን ከ30 ሚሊ ግራም፣ በጠቅላላው ከ5 ቀን እንዳይበልጥ፣ በደም ሥር ሲሰጥም ቢያንስ 3 ደቂቃ እንዲፈጅ መክሯል።

በድንገተኛ ክፍል ሞርፊን ለሚወስዱ ሰዎች ፕላዚልን አስቀድሞ መስጠት ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንዳላሳየ ጥናቶችን የገመገሙ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። አብዛኛውን ሰው ከመጀመሪያውም አያስመልሰውም። ታዲያ የሚያስመልሰው ማንን ነው?

ለትራማዶል ከመልሱ ከፊሉ እኛው ውስጥ አለ። ትራማዶል ራሱ ደካማ ኦፒዮይድ ነው፤ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኤንዛይም ነው ወደ ብርቱ የሚቀይረው። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና የስዊድን ባልደረቦቻቸው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኤንዛይም ዘረ መል ከተለመደው በላይ በሆነ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ 1 ወይም 2 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከአንዲት ፍሬ ትራማዶል የሚያመነጨው ብርቱ ኦፒዮይድ ከሌላው ይበልጣል። በ2008 እ.ኤ.አ. በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የታተመ ሙከራ ደግሞ ትርፍ ቅጂ ካላቸው ግማሽ ያህሉን ሲያቅለሸልሽ፣ ከሌሎቹ 9 በመቶውን ብቻ ነበር። ሩቅ አገር ተመዝኖ የተወሰነ መጠን ለእኛ ሕመምተኛ ሲታዘዝ ይህን ማስታወስ ግድ ይመስለኛል።

ፕላዚልን ኦንዳንሴትሮን ይተካው ቢባልስ? የኬሞቴራፒን ትውከት ያስታገሰ ትልቅ መድኃኒት ነው፤ ከትራማዶል ጋር ግን ይጣላል። ትራማዶል ከሥራው ከፊሉን የሚሠራው ሴሮቶኒንን በማብዛት ሲሆን ኦንዳንሴትሮን ከሴሮቶኒን ተቀባዮች አንዱን ይዘጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሁለቱን አብረው የወሰዱ ሕመምተኞች ሕመማቸውን ለማስታገስ ብዙ ትራማዶል እንዳስፈለጋቸው ጥናቶች አሳይተዋል፤ በአንዱ ጥናት ትውከቱ ራሱ ብሶ ተገኝቷል። በዚያ ላይ ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ኦንዳንሴትሮንንም በዚያው ኤንዛይም ቶሎ ያስወግደዋል።

«ትራማዶል አይስማማኝም» የሚል ሕመምተኛ ካርዱ ላይ ሊጻፍለት ይገባል፤ ሆደ ቀጭን ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሕመሙን ቻለው ማለትም ጭካኔ ነው። መጠኑን መቀነስ፣ ፓራሲታሞል መደመር፣ ወይም ኃይሉ በዚህ ኤንዛይም ወደማይወሰነው ሞርፊን መዛወር ይቻላል።

ሞርፊን ቤት ውስጥ ለወራት ለሚወስድ የካንሰር ሕመምተኛ ነገሩ ይለያል። ማቅለሽለሹ ብዙውን ጊዜ ሰውነት ሲላመድ በሳምንት ገደማ ይለቃል፤ ለእነዚያ ቀናት ብቻ ማስታገሻ ይበቃዋል። ሰውነት የማይላመደው የሆድ ድርቀቱን ነው። ስለዚህ ሆድ ማለስለሻው ከመጀመሪያው የሞርፊን ቀን ጀምሮ አብሮ ይታዘዛል፤ ሞርፊኑ እስካለም አይቋረጥም።