ብዙ ሕፃናትን በአንድ ቤት ስለ ማስተኛት



የጎረቤቶቿን ልጆች ከራሷ ልጆች ጋራ ቀኑን ሙሉ የምትጠብቅ እናት፥ ከማብላትና ከማጠብ ይልቅ የሚያስቸግራት የቀትር እንቅልፍ ነው። አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ያለቅሳል፤ ያንቀላፋውም ይነቃል። ሁሉንም በአንድ ሰዓት በግድ ላስተኛ ማለት ግን ድካሙን ያበዛዋል፤ የእንቅልፍ ልክ በዕድሜ ይለያያልና።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ ከ4 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን ቀንና ሌሊቱ ተደምሮ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፥ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ግን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃል። ስለዚህ ጡት የሚጠባው ረፋድ ላይ አስቀድሞ ይተኛ። ሁለት ዓመት የሞላቸው ከምሳ በኋላ፥ በየቀኑ በዚያው ሰዓት፥ እግራቸው ታጥቦ መጋረጃው ወርዶ ይጋደሙ። አራት ዓመት የሆነው እንቅልፍ እንቢ ቢለው አይቈጡት፤ ጋደም ብሎ በጸጥታ ቢጫወት ዕረፍት ነው።

አዝሎ ማስተኛት የቈየ ልማዳችን ነው፤ አራት ልጅ የምትጠብቅ ሴት ግን ያላት ጀርባ አንድ ብቻ ነው። ሕፃኑን በማይሰረጉድ ፍራሽ ላይ፥ በጀርባው፥ ለብቻው ያስተኙት። ዝንብ እንዳያርፍበት ብለው ፊቱን በነጠላ አይሸፍኑት።

ከሁሉ የሚያስፈራው የከሰል ምድጃ ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ቢጠፋ እንኳ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዘኛ አየር ይወጣል፤ ሽታም መልክም የለውም። በእርሱ የተመረዘ ልጅ እንቅልፍ የወሰደው ስለሚመስል ቀስቅሶ የሚያየው የለም። የቡናው ምድጃም ቢሆን፥ ልጆቹ ሳይጋደሙ ወደ ውጭ ይውጣ።