ያውቁ ኖሯል? ከሻርጃ ጎዳና እስከ ባሕር ወለል

(ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ያውቁ ኖሯል? ሻርጃ ውስጥ ኪንግ አብዱልአዚዝ ጎዳና ላይ ትራፊክ ሲይዝዎት የቆሙት በድሮ የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ነው። አጠገቡ ያለው አል ማሃታ ሙዚየም በ1932 ሥራ የጀመረው አየር ማረፊያ ነበር።

በኦክቶበር 1943 ሻርጃ የሰፈረው የእንግሊዝ አየር ኃይል 244ኛ ስኳድሮን አውሮፕላን፣ ዩ-533 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ኦማን ባሕረ ሰላጤ ላይ አግኝቶ አሰጠማት። ከ53 ሰው 52ቱ አለቀ። የቀረው አንዱ 28 ሰዓት ያህል ሲዋኝ ቆይቶ መርከብ አነሳው። ኮርኒሽ ላይ ሃያ ደቂቃ ዋኝቶ የደከመው ይፍረድ! ዩ-533 እስከዚያች ቀን አንዲት መርከብ እንኳ አላሰጠመችም። ስብርባሪዋ በ2009 ከፉጃይራ ወዲያ 108 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኘ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጀመሪያዋ ዘመናዊ ሰርጓጅ ሆላንድ በ1900 በ150,000 ዶላር ተገዛች። በ1913 ለቁራሌ ስትሸጥ ያወጣችው 100 ዶላር ነው።

ጎንደር፣ አክሱምና ደሴም ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ማግስት 17 እህትማማች ሰርጓጆች ሠርቶ ለአብዛኞቹ የኛን አገር ቦታዎች ስም አወጣላቸው፤ ዐድዋ፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ ነገሌ። በዐድዋ ስም መኩራራታቸው ይገርማል። ጎንደር በ1940 ግብጽ አጠገብ ሰጠመች፤ ዐድዋ በ1941፣ ደሴ በ1942 ተከተሏት።

ከእህትማማቾቹ አንዷ የመቐለ ታሪክ ግን በተለይ ለዱባይና ለአጅማን ሰው ነው። በጁን 1940 ከምፅዋ ወጥታ ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ስትጓዝ ኤሲዋ ጋዝ ማፍሰስ ጀመረ። ኤሲዋ የሚሠራው በሜቲል ክሎራይድ ነበር፤ ሽታው እምብዛም አያስነቃም፣ ሰውን ግን ያደነዝዛል፣ ያቃዠዋል። መርከበኞቹ ተመርዘው አቅጣጫ ሳቱ። ጁን 15 ቀን መርከቧ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ወጥታ ተሰነቀረች። የእንግሊዝ ጥይት ሳይነካት ያለቀላት በማቀዝቀዣዋ ነው። የተረፉትን ሌላ የጣሊያን ሰርጓጅ መጥታ አነሳቻቸው።

ከ17ቱ ጦርነቱን የተሻገረችው አንዲት ብቻ ናት፤ አላጌ። የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን በሜይ 1941 እጁን የሰጠውም ስሟን ባገኘችበት በአምባላጌ ላይ ነው።