የሶፍ ዑመር ዋሻ፦ ሥነ ጥበብና ዲጂታል ልኬት
የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል፤ ውጤቱም ለቅርስ ጥበቃ የሚያገለግል ልኬት ነው። ሥነ ጥበብን ከአዳዲስ ቴክኖሎጂዎች ጋር በማስተርስ ደረጃ የሚያጠና ተማሪ ዋና ሥራው የሚጀምረው ግን ከልኬቱ በኋላ ነው። ለዚህም ከሲናና በስተምሥራቅ የሚገኘው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የሶፍ ዑመር ዋሻ ጥሩ ማሳያ ይሆናል። የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የቦረቦረው ይህ ዋሻ ለሙስሊሞች የዚያራ ስፍራም ነው። ኮምፒዩተር ተደራራቢ ፎቶግራፎችን የጋራ ነጥቦቻቸውን እያመሳከረ ወደ ባለ ሦስት አውታር ሞዴል ይለውጣቸዋል። የወንዙ ድምፅ በሞዴሉ ውስጥ የለም፤ በፎቶግራፎቹ መካከል የተንቀሳቀሰ ሰው ደግሞ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። መሐንዲስ ይህን እንደ ጉድለት ያጸዳዋል። ሠዓሊው ግን ዘያሪዎቹ የጠፉበትን ምስል የሶፍ ዑመር ብሎ ከማሳየቱ በፊት፣ መታየት ይፈልጉ እንደሆነ እነርሱኑ መጠየቅ ይኖርበታል።